የወሎ ኦፓልን መለየትና ዋጋውን መተመን፦ ከሽያጭ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በደቡብ ወሎ ዞን ደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል ኢትዮጵያን በዓለም የከበሩ ማዕድናት ገበያ ከሚታወቁ አገሮች ተርታ አሰልፏል። ይሁን እንጂ ከገደል ወገብ ዋሻ ፈልፍሎ ድንጋዩን የሚያወጣው አምራች፣ የናዳ አደጋ ተጋፍጦ ያገኘውን ምርት ዋጋውን በቅጡ ሳያውቅ የሚሸጥበት አጋጣሚ አለ።

ጥሬ ኦፓል በአብዛኛው በግራም ወይም በኪሎ ግራም ሲሸጥ፣ ተቆርጦ የተወለወለው ግን በካራት ይተመናል። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። በቆረጣ ወቅት የሚባክነው ክብደት ቀላል ስላልሆነ ሁለቱን ዋጋዎች በቀጥታ ማነጻጸር ያሳስታል። ሆኖም በአንድ ክምር ውስጥ ያሉ ጥቂት ምርጥ ድንጋዮች ከቀሪው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ሊያወጡ ስለሚችሉ፣ ሳይለዩ በጅምላ መሸጥ ተጎጂ የሚያደርገው አምራቹን ነው።

በደረጃ ልየታ ወቅት በቅድሚያ የሚታየው ድንጋዩ በብርሃን ላይ ሲዞር የሚፈነጥቃቸው ቀለማት ድምቀትና ስፋት ነው። ቀጥሎ መደቡ፣ ጥራቱ፣ መጠኑና ስንጥቅ የሌለበት መሆኑ ይመረመራል።

የወሎ ኦፓል ልዩ ባሕርይ ውሃ መምጠጡ ነው። በውሃ ሲነከር ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፣ የቀለማቱ ፍንጣቂ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ክብደቱም እስከ 10 በመቶ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ሲደርቅ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ስለሆነም እርጥብ ድንጋይ መመዘን ገዢውን ያለአግባብ ያስከፍላል፤ እርጥብ ድንጋይን በመልኩ መገመት ደግሞ ሻጩን ሊጎዳ ይችላል።

ይኸው ባሕርይ ድንጋዩ ማቅለሚያና ጭስ በቀላሉ እንዲቀበል ያደርገዋል። የተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል በወሎ ቢገኝም፣ ጥቁር ወይም ደማቅ ሐምራዊ የሆነን ድንጋይ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ የተፈጥሮ ቀለም ያለው ነው ብሎ መቀበል አይገባም። የቀለመ ድንጋይ መሸጥ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ማታለል የሚሆነው መቅለሙ ከገዢው ሲደበቅ ነው። አንድ ጊዜ የተጓደለ እምነት የአንድን ነጋዴ ብቻ ሳይሆን የወሎ ኦፓልን ስምና ዋጋ በጠቅላላ ይጎዳል።

ስለዚህ ተገልጋዮች ከሽያጭ በፊት ምርቱን በደረጃ መለየት፣ ደርቆ በሁለቱም ወገን ፊት እንዲመዘን ማድረግ፣ የገዢውን የንግድ ፈቃድ ማረጋገጥና ደረሰኝ መቀበል ይኖርባቸዋል። በባህላዊ መንገድ ለማምረት የሚፈልጉ ዜጎች ፈቃድ የሚያገኙት ከክልሉ ፈቃድ ሰጪ አካል ነው።