ሩቁ ቅርብ፣ ቅርቡ ሩቅ



ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ጂዳ በአየር ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን በርሮ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ከሚዛን ተፈሪ አዲስ አበባ ግን በቦንጋና በጅማ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የመኪና መንገድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ከቴፒ በሚዛን በኩል ለሚመጣ ደግሞ ይጨምራል። እንግዲህ ከቡናቸው ሽያጭ አጠራቅመው ለሐጅ የሚነሱ ወላጆቻችሁን የምትሸኙ ልጆች፣ አድካሚው ጉዞ ከቦሌ በፊት ያለው ነውና ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ አድርሷቸው።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያና የሳዑዲ ዓረቢያ ጊዜ እኩል ነው፤ የሚያሳስተው የትኬቱ አጻጻፍ ነው። «ማክሰኞ 02:00» የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው፤ ስለዚህ ቦሌ መገኘት የሚገባው ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት የሚመጣ ሰው፣ ጓደኞቹ ጂዳ ከገቡ ሰዓታት አልፈዋል።

ስለዚህ ትኬቱን ዛሬውኑ አንብባችሁ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው። ይህም ለወላጅ ኺድማ ነው። አላህ መንገዳቸውን ያግራላቸው።