ዲስኩ ቦታ ይሰጣል እንጂ ጉልበት አይሰጥም

ባለፈው ሰሞን ከደሴ ወደ ኩታበር ስንሄድ በሚኒባሱ ውስጥ ከጐናችን የተቀመጠው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ወግ ጀመርንና፥ ከደረት ኪሱ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ዕቃ አውጥቶ አሳየን። በላፕቶፑ ጌም ለመጫወት የገዛት ኤክስተርናል ኤስ ኤስ ዲ ናት። የወር ደመወዙን እኩሌታ ወስዳበታለች። ሻጩ «ይህችን ከሰካህባት ላፕቶፕህ አዲስ ይሆናል» ብሎት ነበር፤ ነገር ግን ጌሙ እንደ ቀድሞው እየተንቀራፈፈ አስቸግሮታል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ወጣት ሻጩ አታለለው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ዕቃዋ ግን ደኅና ዕቃ ናት። ስሕተቱ ለአንድ ሥራ የተሠራችውን ለሌላ ሥራ ብሎ መግዛቱ ላይ ነው። ብዙ ተማሪዎችና አዲስ ሥራ የያዙ ወጣቶች እንዲሁ ሲያደርጉ ስለምናይ፥ የሚከፍሉትም ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ ሰብ ጉሮሮ የተቀነሰ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት ለመናገር ወደድን።

የቀድሞው ሀርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና በሳህኑ ላይ የሚመላለስ ክንድ ያለው ነው። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን ሲያወጣ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ሲሆን የሚይዘው 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር፤ ይኸውም ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ማለት ነው። ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የተሠራበት ፍላሽ ሜሞሪ የጃፓኑ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ በ1980ዎቹ የፈለሰፈው ነው። ስለዚህ በሚኒባስ ቢንገጫገጭ እንደ አሮጌው ዲስክ ሳህኑ ይጫራል ተብሎ አይፈራም። ፍጥነቱም የተለየ ነው። የሚሽከረከረው ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 140 ሜጋባይት ሲያነብ፥ በውጭ የሚሰካ ኤስ ኤስ ዲ 400 ወይም 500 ያነባል፤ ከፍ ያለውም 1000ና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፍጥነት እያለ የወጣቱ ጌም ስለ ምን ተንቀራፈፈ? ጌም ሲከፈትና ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲሻገር ሥዕሉንና ድምፁን ከዲስክ አንሥቶ ወደ ሜሞሪ ይጭናል። ዲስኩ ፈጣን ሲሆን የሚያጥረው ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ሲሮጥና ኳሱ ሲመታ ሥዕሉን በየሴኮንዱ የሚስለው ግራፊክስ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ነው። ጎተራው ቢሰፋ ወፍጮው አይፈጥንም። ለቢሮ ጽሑፍ ተብሎ የተሠራ፥ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፥ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ያለው ላፕቶፕ የቱንም ዲስክ ቢሰኩበት ያው ነው።

እርግጥ አዳዲሶቹ ጌሞች ራሳቸው ኤስ ኤስ ዲ መጠየቅ ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡት ባልደርስ ጌት 3 እና ስታርፊልድ ያለ ኤስ ኤስ ዲ እንዳይጫኑ ያሳስባሉ፤ የመጀመሪያው 150፥ ሁለተኛው 125 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። (ለገበጣ ጉድጓድና ጠጠር ይበቃ ነበር!) 256 ጊጋባይት ብቻ ያለው ላፕቶፕ ይህን ከቶ ሊሸከም አይችልም፤ በውጭ የሚሰካው ዲስክ በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም እነዚሁ ጌሞች ደኅና ግራፊክስ ካርድም ይጠይቃሉ።

ለኩታበር ልጅ ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለ። 70 ጊጋባይት የሆነ አንድ ጌም በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ለማውረድ መብራትም ኔትወርክም ሳይቋረጥ 31 ሰዓት ይፈጃል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ደኅና መስመር ካለበት ወርዶ በዲስክ የመጣው ግን ላፕቶፑም በውስጡ ኤስ ኤስ ዲ ካለው ለመገልበጥ ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ከዚያው ከዲስኩ ላይ መጫወትም ይቻላል። ስቲም የተባለው የጌም መደብር ላይብረሪውን በውጭ ዲስክ ላይ ለማኖር ይፈቅዳል፤ አስቀድሞ ከተዘጋጀም ብዙዎቹ ጌሞች ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። በ2015 ዓ.ም. የክረምት ወራት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ በዲስክ የተያዘ ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ብዙ ሰው አይቷል፤ ጌም ብቻ ሳይሆን መጽሐፍና የትምህርት ቪዲዮም ጭምር።

ኩታበር ደርሰን ሻይ ቤት ስንቀመጥ ወጣቱ ላፕቶፑን አውጥቶ አሳየን። ዲስኳን የሰካት በአሮጌው ዩ ኤስ ቢ 2 ቀዳዳ ነበር፤ በዚያ በኩል በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለሚያልፍ ሦስት ደቂቃ የነበረው ሥራ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሆናል። በሌላው ጐን ውስጡ ሰማያዊ የሆነ ፈጣን ቀዳዳ ነበረ። ገመዱም የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በዚያው በዝግታው ልክ የተሠሩ ናቸው። ከዚህም በላይ በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ ነበር። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ የምንመክረው በመጀመሪያ ኤስ ኤስ ዲውን በውስጥ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ ዊንዶውሱም ጽሑፉም ሁሉ ይፈጥናል፤ የወጣውም አሮጌ ዲስክ በርካሽ ማቀፊያ ተደርጎ የፊልም ማስቀመጫ ይሆናል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት መመርመሪያው ነፃ ነው። ጌሙ ክፍት ሳለ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይወጣል። ጌሙ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት መቶ የሚሞላው ዲስኩ ከሆነ መግዛት ይገባል፤ ሜሞሪው ከሆነ ሜሞሪ መጨመር ይሻላል፤ ግራፊክሱ ከሆነ ግን ዲስክ ሻጩ ዘንድ መድኃኒት የለም።

በገበያ ላይ ደግሞ «16 ቴራባይት» ተብሎ በትንሽ ገንዘብ የሚሸጥ አለ። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ሆኖ ለኮምፒዩተሩ ሐሰት እንዲናገር የተደረገ ነው። ሲሞላ የኋለኛው ጽሑፍ የፊተኛውን ያጠፋል። የገዛ ሰው ሻጩ መመለሻ ቀን ሳያልፍበት ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያንብብ።

አንድ ነገር ለወጣት ሹሞች እንጨምር። ከሰው ሰው እየተገለበጠ የሚዞር የጌም ዲስክ ቫይረስ ይዞ ይዞራል፤ ስለዚህ በመንግሥት ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ከቶ ሊሰካ አይገባም። ተማሪም የመመረቂያ ጽሑፉን ብቸኛ ቅጂ ከጌሙ ጋር በአንድ ዲስክ ባያኖር ይሻለዋል። ገመዱ እየጻፈ ሳለ ከተመነጨቀ የሚጠፋው ጌሙ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ጌም ደግሞ እንደገና ይወርዳል።

ወጣቱ ሻዩን ጨርሶ «ጋሼ፥ እንግዲህ ልመልሳት እንዴ?» አለን። አትመልሳት አልነው። ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ በራሷ ገመድ ሰካት፤ ጌሙ ቶሎ ተከፈተ፤ ሲጫወት ግን ያው ተንቀራፈፈ። በማግስቱ ደሴ ሲወርድ በነፃ የሚሰጡትን ጌሞች አውርዶባት ለሁለቱ ባልንጀሮቹም እንደሚያካፍላቸው ነግሮን ተለያየን።