ኩባንያው ጥሎት የሄደ ትራክተር

አንድ ነጋዴ አሮጌ መኪና ወይም ማሽን ሊገዛ ሲሄድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ሞተሩ ጉልበት አይደለም። «መለዋወጫ አለው ወይ?» ነው የሚለው። ላዳ ታክሲ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ያን ያህል ዘመን የቆየው በውበቱ አልነበረም፤ ሶማሌ ተራ ወርደው ሲፈልጉት ዕቃው ስለሚገኝ፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታው ነው። ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ስንመጣ ግን ይህ የቆየ ጥያቄ እየተዘነጋ ይመስለኛል። በመሆኑም አንባቢያንን ዛሬ ራቅ ወዳለ አገርና ዘመን እወስዳለሁ፤ ጉዳዩ ግን የገበያችን ነው።

የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 «ኤሌክ ትራክ» የተባለ የጓሮ ትራክተር ለገበያ አቀረበ። የጓሮ ትራክተር ሲባል እኛ የምናውቀው የእርሻ ትራክተር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው የግቢውን ሣር የሚያጭድበት፣ በብርዱ ወራት በረዶ የሚጠርግበት፣ ትንሽ የአትክልት መደብ የሚያርስበት፣ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚነዳው ማሽን ነው። የዚህኛው ልዩነት ቤንዚን አለመጠጣቱ ነበር። ስድስት ባለ 6 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 36 ቮልት ይሰጡታል። ማታ ከቤት ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ጠዋት ሥራ ይወጣል። ሥራውን በኩባንያው ውስጥ የመሩት ብሩስ ላውማይስተር የተባሉ ሰው ሲሆኑ፣ ማምረቻው በኒውዮርክ ግዛት ስከኔክታዲ ከተማ ነበር።

ማሽኑ መጫወቻ አልነበረም። በትልልቆቹ ሞዴሎች ላይ የሣር ማጨጃው ሦስት ምላጭ ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምላጭ የራሱ ሞተር ነበረው። በረዶ መጥረጊያ፣ ማረሻ፣ ከፊት የሚገጠም የአፈር መጫኛ፣ ከትራክተሩ ባትሪ የሚሠራ የብየዳ መሣሪያ ሳይቀር አብሮ ይሸጥ ነበር። የባትሪዎቹ ክብደት 170 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ይህ በመኪና ላይ ቢሆን ጉድለት ነው፤ በትራክተር ላይ ግን ጎማው መሬቱን እንዲቆነጥጥ ያደርጋል። የቤንዚን ትራክተር ያለው ሰው ለዚሁ ሲል ብረት ገዝቶ ጎማው ላይ ያስራል።

ታዲያ ምን ሆነ? ምርቱ በጄኔራል ኤሌክትሪክ እጅ የቆየው እ.ኤ.አ. እስከ 1975 አካባቢ ብቻ ነው። ወቅቱን ልብ ይሏል። በጥቅምት 1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጥለው፣ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠግቷል። ያው የዋጋ ንረት እኛም ዘንድ የቤንዚን ዋጋ አስጨምሮ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ሾፌሮችን አድማ እንዳስነሳ የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ አንባቢ ያስታውሰዋል። ቤንዚን የማይጠጣ ማሽን የሚፈለግበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። ኩባንያው ግን በዚያው ሰሞን ከገበያው ወጣ።

እንደ እኔ ግምት ችግሩ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ሻጩ ዘንድ ነበር። የጓሮ ትራክተር የሚሸጥ ሱቅ እንጀራው የሚጋገረው ከሽያጩ በኋላ ነው፤ ከዘይት፣ ከካንዴላ፣ ከፊልትሮ፣ ካርቡሬተር ከማጽዳት። ኤሌክ ትራክ ከእነዚህ አንዱንም አይፈልግም። ለገዢው በረከት የሆነው ነገር ለሱቁ ኪሳራ ነው። አትራፊ ያልሆነን ዕቃ ደግሞ ነጋዴ ከመጋረጃ ጀርባ ያቆመዋል እንጂ ለደንበኛ አያሳይም። መርካቶም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አሜሪካን ለብቻዋ የምንወቅስበት ምክንያት የለም።

ሥራው የተላለፈው ዊል ሆርስ ለተባለው የትራክተር ፋብሪካ ነው። ዊል ሆርስ በኢንዲያና ግዛት ሳውዝ ቤንድ ከተማ የፖንድ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1946 የመሠረተው ሲሆን፣ በ1974 የመኪና አምራቹ አሜሪካን ሞተርስ ገዝቶታል። ኤሌክትሪኩን ለጥቂት ዓመታት በራሱ ስም ሠርቶ ተወው። በ1986 ደግሞ ዊል ሆርስ ራሱ ለቶሮ ኩባንያ ተሸጠ። ይህን ቅብብሎሽ የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዕቃ ሦስት አራት ባለቤት ሲለዋውጥ የመለዋወጫ ኃላፊነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ጄኔራል ኤሌክትሪክም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2024 ለሦስት ተከፍሎ የድሮው ኩባንያ አክትሟል። ትራክተሩ ከፈጣሪው በላይ ኖሯል ማለት ነው።

አዎን፣ ኖሯል። ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም ሃምሳ ዓመት ያለፈው ኤሌክ ትራክ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ሣር ያጭዳል። አድሰው የሚነዱት ሰዎች ሀብታም ሰብሳቢዎች ብቻ አይደሉም፤ አብዛኛው እጁን ማሠራት የሚወድ ተራ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ትራክተሩ የሚገኘው ባትሪው ሞቶ ከጋራዥ ጥግ ተጥሎ በርካሽ ነው። አዲስ ስድስት ባትሪ መግዛት ከትራክተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገሩ መጀመሪያ የሚታየው የባትሪው ዕድሜ ነው። ቀጥሎ ባትሪው የተቀመጠበት ብረት ይመረመራል። ለዓመታት የፈሰሰ አሲድ ሻንሲውን በልቶት ሊሆን ስለሚችል በቢካርቦኔትና በውሃ ይታጠባል፣ የተበላው ተቆርጦ ይበየዳል። ኬብሎቹ ውስጥ ለውስጥ አረንጓዴ ሆነው ከተገኙ ይለወጣሉ። ከዚያ የኮንታክተሮቹ መገናኛ ይጸዳል፣ የሞተሩ ካርቦን ይታያል፣ ኩሽኔታ ይቀየራል። የማጨጃው ሞተሮች የታወቀ ሕመም አላቸው፤ ከውስጥ የተለጠፈው ማግኔት ሙጫው ሲያረጅ ተላቆ ሞተሩን ይይዘዋል። መድኃኒቱ ፈትቶ በጠንካራ ሙጫ መልሶ መለጠፍ ነው። በነገራችን ላይ 36 ቮልት ሰውን አይገድልም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ቁልፍ በሁለት ጫፍ ላይ ቢወድቅ ብረቱን ያቀልጠዋል፣ ቀለበት ያደረገ ጣትም አይተርፍም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ብቻ የሚገኝ ዕቃ ስንት ነው? እጅግ ጥቂት። ባትሪው በጎልፍ ሜዳ ጋሪዎች ላይ የሚገጠመው ዓይነት በመሆኑ ዛሬም በገፍ ይመረታል። ኩሽኔታው፣ ቺንጋው፣ ኮንታክተሩ ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚገዛ ነው። የሽቦውን ንድፍ የያዘው የጥገና መጽሐፍ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲገለበጥ ኖሯል። ራስ ምታት የሚሆነው ከትልልቆቹ ሞዴሎች በአንዳንዶቹ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነው። እሱ ሲቃጠል ብዙው ሰው ካርዱን አውጥቶ በተራ ኮንታክተርና በሬዚስተር ይተካዋል። ልብ በሉ፣ ያልቆየው ክፍል ዘመናዊው ክፍል ነው።

አሁን አሁን ሊድ አሲዱን አውጥተው 12 የሊቲየም ሴል የሚያስገቡ አሉ፤ 38 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ታሪኩ ተበላሸ የሚሉ ወግ አጥባቂዎች ይቆጣሉ። እኔ ከሚያስገቡት ወገን ነኝ፤ ሥራ ላይ ያለ ማሽን ሙዚየም ከቆመ ይሻላል። ከክብደቱ መቅለል የተነሣ ጎማው ሲንሸራተት ግን ተመልሰው ብረት ሲጭኑበት ማየት ያስቃል።

ወደ ገበያችን ልመለስ። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አስመጪው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ውሳኔውን አልቃወምም፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ስሌቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ዛሬ የሚሸጡት መኪኖች ኤሌክ ትራክን አይመስሉም፤ ይልቅስ ያንን የሚቃጠለውን ካርድ ይመስላሉ። ባትሪው ለዚያ መኪና ብቻ የተሠራ፣ ብልሽቱን የሚያነብበው ፕሮግራም የአምራቹ፣ ንድፉም የተቆለፈ ነው። የአምራቾቹ ቁጥር ደግሞ ብዙ ነው፤ ከመካከላቸው ከአሥር ዓመት በኋላ በስማቸው የሚጠሩት የትኞቹ እንደሚሆኑ ማንም አያውቅም። ጄኔራል ኤሌክትሪክን የሚያህል ድርጅት በስድስት ዓመት ውስጥ ጥሎ ከሄደ፣ ትናንት የተቋቋመው ለምን አይሄድም?

ደላላው «ሙሉ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲል ገዢው ይደነቃል። እኔ ግን አስመጪውን ሌላ ነገር ነው የምጠይቀው። ባትሪው በሴል ደረጃ ይፈታል ወይስ እንዳለ ነው የሚለወጠው? ብልሽት የሚያነብበው መሣሪያ አገር ውስጥ በስንት ጋራዥ ይገኛል? የሽቦው ንድፍስ ከመኪናው ጋር ይሰጠኛል? በእኔ በኩል እነዚህ ሳይመለሱ ስለ ዋጋ መነጋገር አልጀምርም።