ጭቃ አቡኪዎቹ እኛ

በደሳ ያደግን ልጆች ክረምት ሲገባ ጭቃ አቡክተን በሬ ሠርተናል። ቀንዱ ስንጥር፣ ዓይኑ የማሽላ ፍሬ። ያየን ትልቅ ሰው ሁሉ ግን «ምነው፣ ሸክላ ሠሪ ልትሆኑ ነው?» ይለን ነበር። ስድብ መሆኑ ነው! እጃችንን ታጠብን፤ በሬዎቻችንም በዝናብ ፈረሱ።

እናላችሁ፣ ይኸው ጨዋታ ጃፓን ውስጥ የተከበረ ሙያ ነው። ሾታሮ ኢሺኖሞሪ «ሳይቦርግ 009»ን መሳል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ባሸነፈበት ዓመት ነው። (ከዘጠኙ ጀግኖች ስምንተኛው አፍሪካዊ ነው፤ ልብ በሉ።) ዛሬ የነዚያ ጀግኖች ሐውልት ኢሺኖማኪ ከተማ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ትንንሾቹ ደግሞ የሰብሳቢዎችን መደርደሪያ ሞልተዋል። በሽቦ አጽም ላይ ጭቃ ይለጠፋል፣ ቅርጹ በሲሊኮን ይወሰዳል፣ ከዚያ ሬዚን ይፈስበታል። ይህ ይለመዳል። ከባዱ ሌላ ነው፦ ሥዕል አንድ ጎን ብቻ ነው የሚያሳየው። የ009 ረጅም የአንገት ልብስ ከኋላ እንዴት እንደሚወድቅ ቀራጺው ራሱ መፍጠር አለበት። በሬን ከአራቱም ማዕዘን እያየ ያደገ የበደሳ ልጅ ይህ ያቅተዋል ልትሉን ነው?

ጀግናም አላጣን። የብሥራት ደበበ «ጀምበር» እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ ባለታሪኩ አማኑኤል ሥራ ፈላጊ ምሩቅ ነው (እንደኛው!)። በወረቀት እናውቀዋለን። በጭቃስ? ለዚህ ክረምት እኛ ጀምረነዋል። ጎረቤት «ሸክላ ሠሪዎች» ሲለን «አዎ፣ ነን» እያልን ነው። ፊቱ ላይ ተስማምተናል፤ ጀርባው ላይ ግን እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።