ከ«አይዞህ» በኋላስ?

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ የማደሪያ ክፍል ከምንኖር ስድስት ተማሪዎች መካከል ለአምስታችን አንድ ምስጢር ተሰጠን። የስድስተኛው ጓደኛችን አባት ዐርፈው ኖሯል። አጎቱ ከአገር ቤት ደውለው፣ «ልጁ ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳይሰማ፤ አደራ፤ ሲጨርስ እኛው መጥተን እናረዳዋለን» አሉን። የአገራችንን ልማድ የምናውቅ ነንና አደራውን ተቀበልን። ሁለት ሳምንት ያህል አብረነው በላን፤ አብረነው አጠናን፤ «አባቴ ስልክ አያነሣም፤ ምን ሆኖ ይሆን?» ባለን ቍጥር ኔትዎርኩን ረገምን። የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግሥት፣ ገና ሳይነጋ፣ ጋቢ የደረቡ ሦስት ዘመዶቹ ፕሮክተሩን አስፈቅደው ከበራችን ቆሙ። መርዶው ተነገረ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ድርሻችንን እናውቅ ነበር። አለቀስን፤ ገንዘብ አዋጣን፤ ሁለታችን እስከ መናኸሪያ ሸኘነው። ያላወቅነው ከተመለሰ በኋላ ያለውን ነው።

ጓደኛችን ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ ተመለሰ። አንድ ሳምንት ክፍል ገባ። ከዚያ የጧቱን ትምህርት ተወ፤ ቀጥሎ የከሰዓቱን። ቀን ይተኛል፤ ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ ያድራል። እኛ ከካፌ ዳቦ እየሸሸግን እናመጣለታለን። ዳቦውን ስንሰጠውም «አይዞህ፤ ጠንክር፤ የወንድ ልጅ ነህ» እንለዋለን። ከመካከላችን አንዱ «ማን የማይሞት አለ?» አለው፤ ሌላው የጎደሉትን ትምህርቶች ቈጥሮ ነገረው። እርሱ አንድ ቀን ብቻ መለሰልን፦ «ያን ሁሉ ቀን ዐውቃችሁ አብራችሁኝ ትሥቁ ነበር» አለና ወጣ። የምንመልሰው ነገር አልነበረንም፤ ስለዚህ ሲመለስ እንደገና «አይዞህ» አልነው።

በሚያዝያ አንድ ጧት አልጋው ባዶ፣ ሻንጣውም የለም። የማቋረጫ ቅጽ ሳይሞላ ስለ ሄደ በመዝገብ የተጻፈበት የታመመ ወይም ያዘነ ተማሪ ተብሎ ሳይሆን የወደቀ ተማሪ ተብሎ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ፤ ከእናቱ ጋር ነው፤ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ነገር ግን ቅጹን እንዲሞላ የሚነግረው፣ ክሊኒክ ድረስ አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው ከመካከላችን አለመገኘቱ እስከ ዛሬ ይቈረቍረናል። አምስት ነበርን። አምስታችንም እንወደው ነበር።

ይህን የጻፍነው ኑዛዜ ለማሰማት ብለን አይደለም። በየብሎኩ እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለ ስለምናውቅና፣ ማኅበራችን በዚህ ዓመት ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ ተማሪዎችን ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና ድጋፍ ማሠልጠን እንዲሆን ስለምንሻ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ካዘነ ሰው ጋር መቀመጥን ከማንም መማር አያስፈልገንም የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን እውነቱ እኩሌታ ነው። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው አንደበተ ርቱዕ እንዲሆን አይጠየቅም። ገብቶ ይቀመጣል፤ ዝም ይላል፤ ባለ ኀዘኑ ሲያወራ ይሰማል። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ጎረቤት እንጀራውን ይጋግራል። ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት አናውቅም። ነገር ግን ድንኳኑ በሠልስት ይነሣል። ሞት የሌለበት ኀዘንስ? ውጤቷ ተበላሽቶ ለወላጆቿ ልትነግር ለፈራች ልጅ፣ በፍርሃት ልቡ እየመታ እንቅልፍ ላጣ ልጅ ማን ድንኳን ይተክላል? እንዲህ ላለው ያለን መልስ «ሆድ ይፍጀው» ነው። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ያደግን ልጆች ዝምታው ራሱ ሰውን ሲያነቅዝ በዐይናችን እያየን ነው።

የዛሬ ተማሪ የተሸከመው ሸክም ከበፊቱ ይለያል እንላለን። አብዛኛውን ተማሪ የትምህርት ሚኒስቴር ወደማያውቀው ከተማ ይመድበዋል፤ አንዳንዱ ቋንቋውን የሚናገር ሰው የሚያገኘው ከስንት ቀን በኋላ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. በተገለጠው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር፤ ያለፈውም «እኔ ለምን ተረፍሁ?» እያለ፣ በማካካሻ ትምህርት የገባውም «ቦታው የእኔ ነውን?» እያለ ይማራል። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ከዚያ ቀደም፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በየግቢው የተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት አጥፍቶ ብዙዎችን ወደየቤታቸው መልሷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደግሞ የትግራይ ልጆች የወላጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ወራትን ቈጥረዋል። በፈረንጆች 2013 የታተመ አንድ ጥናት በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ከተጠየቁት ተማሪዎች ከመቶ 21.6 የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው አግኝቷል። በስድስት ሰው ክፍል ሲመነዘር ከአንድ ሰው ያልፋል ማለት ነው፤ ይህም የተጠናው ከላይ ከዘረዘርነው ሁሉ በፊት ነው።

ሐኪምስ? አማኑኤል ሆስፒታል በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱን ሕሙማን ብቻውን ሲቀበል ኖሯል። ስሙ በእኛ አፍ የስድብ ቃል መሆኑ («አማኑኤል ይግባ» እንላለን እኮ!) የእኛ ነውር እንጂ የሆስፒታሉ አይደለም። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ልዩ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ የነበሩት ሐኪሞች ከሃያ አይበልጡም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ አድጓል፤ ሆኖም ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ገና ጥቂት ነው። ሐኪም እስኪዳረስ እንጠብቅ ካልን ብዙ አልጋዎች በሚያዝያ ባዶ ይሆናሉ።

ሐኪም ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊረዳ እንደሚችል ግን ከራሳችን አህጉር ምስክር አለ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በፈረንጆች 2006 በሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በተባለው ሰፈር፣ 14 አሮጊቶችን አሠለጠኑ። ከጤና ጣቢያው ቅጥር ግቢ አግዳሚ ወንበር ተደረገ፤ አሮጊቷ ትቀመጣለች፤ የተጨነቀው ሰው ከጎኗ ይቀመጣል፤ ትሰማዋለች፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ የሚጀምርበትን መንገድ ራሱ እንዲያገኝ ትረዳዋለች። ወንበሩ በመጀመሪያ የአእምሮ ጤና ወንበር ሲባል የሚቀመጥበት ጠፋ፤ አሮጊቶቹ ናቸው ስሙን ወደ «የጓደኝነት ወንበር» ያስለወጡት። በሽታውንም በመጽሐፉ ስም ሳይሆን የአገሬው ሰው እንደሚለው «ብዙ ማሰብ» ብለው ይጠሩታል። የእኛስ እናቶች «ልጄ ሐሳብ ገባው» አይደለም የሚሉት? በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው በወንበሩ ከተረዱት ከመቶ 14፣ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህል መሆኑን አሳይቷል። ተማሪዎችም ቢሆኑ ይህን ሥራ ከያዙት ቈይተዋል፤ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሌሊት ሌሊት የተማሪን ጭንቀት የሚያደምጥ የተማሪዎች አገልግሎት የተጀመረው በ1970 ነው።

እንግዲህ ምን እንሠልጥን? በእኛ አስተያየት ከሥልጠናው የሚበልጠው እጅ ማድረግ የሌለብንን መማር ነው። አለመምከርን፣ አለመገሠጽን፣ የሰውን ኀዘን ከሌላው ኀዘን ጋር አለማወዳደርን መማር አለብን። «ድባቴ ይዞሃል» ብሎ የበሽታ ስም ማውጣት የእኛ ሥራ አይደለም። ጠበል መሄድ የሚፈልገውን ልጅ ከሐኪምና ከጠበል አንዱን ምረጥ ማለትም የእኛ ሥራ አይደለም፤ ጠበሉንም ይሂድ፤ ክሊኒኩንም አብረን እንሂድ። የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር በ2011 ያሳተመው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይከፍለዋል፤ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። እኛ አምስታችን የመጀመሪያውን አድርገናል። ሁለተኛውን የሠራን መስሎን ነበር። ሦስተኛውን አላሰብነውም።

አንድ ነገር በተለይ መማር ያሻናል። ሰውን «ራስህን ለመግደል አስበሃል ወይ?» ብለን በቀጥታ ብንጠይቅ ሐሳቡን በልቡ የምንተክል ይመስለናል። በጉዳዩ ላይ የተደረጉት ጥናቶች እንዲህ ያለ ጉዳት አላገኙም፤ እንዲያውም ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይቀላቸዋል። ነገር ግን ጥያቄውን መጠየቅ አንድ ነው፤ «አዎን» የሚለውን መልስ ተቀብሎ ሰውየውን ብቻውን ሳይተው ለባለሙያ ማድረስ ሌላ ነው፤ ይህን ያልተለማመደ ሰው ዐውቃለሁ ቢል አንመነው።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ፣ «ግማሽ ሐኪም ከማፍራት ተጠንቀቁ» ብለውናል። ስጋታቸውን እንቀበላለን፤ ስለዚህም ነው መገሠጫ የሌለው፣ በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ የሰማውን የማያራግፍ አድማጭ እንዳይሰማራ የምንጠይቀው። የሌላውን መከራ ለብቻው የተሸከመ የሃያ ዓመት ልጅ እርሱ ራሱ ሁለተኛው በሽተኛ ይሆናልና።

ከተማሪዎች የመጣው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «የነገርሁት ነገ ላውንጅ ውስጥ ይወራል» የሚል። ይህ ተቃውሞ እውነተኛ ነው። ብሔር ከብሔር ሲጠራጠር በኖረበት ግቢ፣ ማን ለማን እንደሚያወራ በማይታወቅበት ሰዓት፣ ምስጢር ይጠበቃል ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን የማንንም ልብ አይከፍትም። ምስጢር ያወጣ አድማጭ የሚሰናበትበት ግልጽ ደንብ ይኑር፤ ምስጢር የማይጠበቅበት አንድ ጊዜ እንዳለም፣ እርሱም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን መሆኑ፣ ወሬው ሳይጀመር ለባለ ጉዳዩ ይነገረው። አድማጮቹም ከአንድ ወገን፣ ከአንድ ቋንቋ፣ ከወንዶች ማደሪያ ብቻ የተመረጡ አይሁኑ። ሰው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ማንም ያልተናገረው ነው። ዩኒቨርሲቲው «ተማሪዎቹ ራሳቸው ይረዳዳሉ» ብሎ የምክር አገልግሎቱን ባለበት እንዳይተወው እንፈራለን። ለሺህዎች ተማሪ ያለው አንድ የምክር ክፍል በሩ ላይ ቍልፍ እየተንጠለጠለበት፣ እኛን በነፃ አሠማርቶ ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው። አገናኝ ከተባልን የምናገናኝበት ሰው ይኑር። የማቋረጫ ቅጹም ቢሆን፣ የታመመ ተማሪ በጓደኛው ወይም በወላጁ አማካይነት ከሄደ በኋላም ሊሞላው እንዲችል ደንቡ ይሻሻል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፊርማ ብቻ ይጠይቃል።

በመካከላችን ባልተስማማንበት አንድ ጉዳይ ደግሞ የአንባብያንን አሳብ እንሻለን። ከጽሑፉ ባለቤቶች ሦስታችን፣ መርዶን እስከ ፈተና ማብቂያ መደበቅ ይቅር፤ ልጁ ይንገሩት፤ መፈተን አለመፈተኑንም እርሱ ይወስን እንላለን። ሁለታችን ደግሞ ወላጆች ያወጡትን ወግ በእኛ ዕድሜ ለማፍረስ አንደፍርም እንላለን። ሳንስማማ አድረናል። ጓደኛችንን በስልክ ብንጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አልጋዬን ለሰው ሰጡት እንዴ?» አለን። ተሰጥቷል። አልደበቅነውም።

ለመጀመሪያው ሥልጠና ከየብሎኩ ሁለት ሁለት ተማሪዎች እንዲመረጡ፣ ከሥነ ልቦናና ከነርስ ትምህርት ክፍሎች ደግሞ ቢያንስ ሁለት መምህራን እንዲመሩልን ለተማሪዎች ዲን ደብዳቤ አዘጋጅተናል። መፈረም የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ታገኙታላችሁ፤ ከሴቶች ማደሪያ እስካሁን ስም የሰጠን ስለሌለ እህቶቻችን ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።