ማኅበር ሲፈርስ አውፍታ የት ገባ?

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ በከተማውም ሆነ በገጠሩ ሰው ብቻውን አይኖርም። ዕቁብ ይጥላል፣ በደቦ ያጭዳል፣ ሲሞት እድሩ ይቀብረዋል። ስንሰባሰብ እንዴት ያምርብናል! ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ደንቡ ይጻፋል፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። ስንበተንስ? እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ስንበተን እንደ ሌባ ተደባብቀን ነው። አንዱ በዚህ ወር ይቀራል፣ ሌላው በሚቀጥለው ይቀራል፣ ቆይቶ መዝገቡ በማን ቤት እንዳለ እንኳ ይረሳል። «ማኅበሩ ፈርሷል» ብሎ የተናገረ ሰው የለም፤ ማኅበሩ ግን ፈርሷል።

ይህን ልማድ ጨዋነት ነው የሚሉ አሉ። «የተዳፈነ እሳት ለምን ይቆሰቆሳል? ዝም ብሎ ቢቀር ፍቅር አይጎድልም» ይላሉ። እኔ ግን ከሒሳብ መሸሽ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ሩቅ ሳልሄድ ከዚሁ ከምዕራብ ጎጃም ምድር ላምጣ።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ጎጃምን አቋርጦ መንገድ የከፈተላቸው በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራ «ጌዴዎን ኃይል» የተባለ አነስተኛ ጦር ነበር። ከአርበኞቻችን ጎን የተሰለፈው ይህ ጦር 2,000 ያህል ሰው ቢሆን ነው። ከውስጡ ዋነኛው ክፍል ከሱዳን የመጣ የድንበር ሻለቃ ጦር ሲሆን አብዛኞቹ ወታደሮች ሙስሊሞች ነበሩ። ስንቅና ጥይቱን የተሸከሙት ደግሞ 15,000 ገደማ ግመሎች ናቸው። በቆላ የለመደ ግመል የጎጃምን አቀበትና ብርድ እንዴት ይቻለው? በየመንገዱ ወደቀ። አዲስ አበባ የደረሱት ሃምሳ ያህል ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ይህ ጦር በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር እያዋከበ የካቲት 25 ቀን ቡሬን አስለቀቀው፤ በማግስቱ ሳምንታትም በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ገሰገሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ ሸሽቶ የሄደውን ጠላት ተከታትሎ እጁን አሰጠው።

ታዲያ ፍጻሜው እንዴት ሆነ? ግንቦት 24 ቀን 1933 ዓ.ም. ጌዴዎን ኃይል ፈረሰ። በቃ! አዛዡ ማዕረጉ ወደ ሻለቃነት ዝቅ ብሎ ወደ ካይሮ ሄደ። ለሰዎቹ ሽልማት፣ ያልተከፈለ ደመወዝና ካሣ ይሰጣቸው ብሎ ቢጠይቅ አለቆቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። የእርሱን ስም እንኳ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ተሸክሞታል። በቡሬ መንገድ ግመሉ የሞተበትን ነጂ ስም ግን ማን ያውቀዋል? አብሮ የተራበና የተዋጋ ጓድ እንደ አሮጌ ጆንያ ሲጣል ጨዋነት አይባልም።

«ያ የመንግሥታት ጉዳይ ነው» ትለኝ ይሆናል። እንግዲያው ወደ ገበሬው እንምጣ። በደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ። መልባና ወልባ የሚባሉትን ደረጃዎች ታላላቆቻችን አይረሷቸውም። በመልባ በሬው የባለቤቱ ነው፤ ወልባ ሲደርስ በሬውም የማኅበሩ ይሆናል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁና መውጣት ሲፈቀድ፣ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ተገዶ የገባበትን ማን ይሰናበተዋል? እውነት ነው፣ ሥርዓቱን መሰናበት አያስፈልግም። ነገር ግን አብሮህ ሞፈር የጨበጠው ጎረቤትህ ሥርዓት አይደለም! በሬ ይዞ የገባና ባዶ እጁን የገባ ሲለያዩ በሬው ለማን ይሁን? ይህ ጥያቄ ፊት ለፊት ካልተነጋገሩበት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂም ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ያደረጉት ሐጅ ለምን የስንብት ሐጅ እንደተባለ ታውቃለህ። ሕዝቡን ሰብስበው ተሰናበቱ፣ አደራቸውን ማድረሳቸውንም አስመሰከሩ። በዚያው ንግግራቸው የጃሂልያን ዘመን የደምና የአራጣ ይገባኛል ሲሰርዙ የጀመሩት ከገዛ ዘመዶቻቸው ነው፤ ከአጎታቸው ከዐባስ አራጣ! ስንብትና ሒሳብ አንድ ላይ መምጣታቸውን ልብ አድርግ። የእኛስ ሐጃጅ ከመጓዙ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይል የለምን? ለአንድ ሰው ጉዞ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ፣ ሃያ ዓመት አብረን ቀብር የቆምንበትን እድር ያለ አንዲት ቃል መጣላችን አይገርምም? በየወሩ ስብሰባውን በዱዓ የሚዘጋ ጀመዓ የመጨረሻውን ስብሰባ ለምን ያለ ዱዓ ይዘጋዋል?

(በዚህ ነገር ዕቁብን አደንቃለሁ። የመጨረሻው ዕጣ ሲወጣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማለቁ ከመጀመሪያው ተቆጥሯል። ዕቁብተኛ ተጣልቶ እንኳ ማን ለማን ስንት እንዳለበት አይጠፋውም።)

ቂም ይነሳል ብለው የሚፈሩትን አንድ ነገር ልጠይቅ። የሰው ሐቅ በዝምታ ይሰረዛልን? ባለሐቁ ካልተወው ማን ይተወዋል? በሳጥኑ የቀረው ገንዘብ የመበለቲቱም መዋጮ አለበት። እርሷ አፍ አውጥታ ስላልጠየቀች ገንዘብ ያዡ ነፃ ወጣ ማለት ነውን?

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ በቂ ነው። አባላት ይጠሩ፤ ከአካባቢው የለቀቁትም ይላክባቸው። መዝገቡ ከመጀመሪያው ገጽ ይነበብ፣ የሞቱት በስማቸው ይጠሩና ዱዓ ይደረግላቸው፣ ቀሪው ገንዘብ ለወራሾቻቸው ጭምር ይከፋፈል፣ አውፍ ይባባሉ። ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱንና አግዳሚ ወንበሩን ከቤታችን ጓዳ አውጥተን፣ ዕቃ ለሌለው ለጎረቤት እድር በፊርማ እናስረክብ።