ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ወተት አይከሰስ!

እስቲ እንነጋገር ወገን! አዲስ ዓለምም እንደ ሌላው አገራችን አራስን በቅቤ ገንፎና በአጥሚት ይጠይቃል። ሕፃኑ አልቅሶ ካደረ ግን ጎረቤት ሁሉ ዳኛ ነው፦ «ወተትና ቅቤ ተዪ!» ምክንያት የለ፣ ቀነ ገደብ የለ፣ ምትክ የለ።

እኛ ይህን ፍርድ አንቀበልም። ጤነኛ ሕፃንም ያለቅሳል፤ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይብስበትና በ3 ወይም በ4 ወሩ ይቀንሳል። የላም ወተት ፕሮቲን የማይስማማው ሕፃን ግን በእርግጥ አለ። ሰገራው ላይ ደም፣ የማይለቅ ሽፍታ ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ከታየ ሐኪም ይጠየቅ። ሐኪሙ ካዘዘ እናት ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ትታ፣ መልሳ ትሞክራለች። ምልክቱ ጠፍቶ ከተመለሰ ጥፋተኛው ወተት ነው። ለውጥ ከሌለ በነጻ ይሰናበት!

ጡት አስጥሎ ጡጦ ማስያዝማ የባሰ ነው። ጎበዝ፣ አብዛኛው የዱቄት ወተት ከላም አይደለም እንዴ?

መተው ግድ ከሆነም እናት አትራብ። በጾም የምናውቃቸው ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ሽሮና የጤፍ እንጀራ አሉ። በቀን 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ከምግብ ካልሞላ ሐኪም ኪኒን ይዘዝላት። «ተዪ» ያለ ሁሉ ምትኩን ይዞ ይምጣ!